ድራፍት ያልተደረገ ልጅ ቡድን ውስጥ የሚገባው በየት በኩል ነው?

ጥያቄው የመጣው ከቨርጂኒያ ነው። የጻፉት አንዲት እናት ናቸው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦

«ልጄ ኮሌጅ እያለ አራት ዓመት የአሜሪካ ፉትቦል ተጫውቷል፤ ቦታው ሴፍቲ ነው፤ ከመከላከሉ ኋላ የሚቆመው ተከላካይ። ኤንኤፍኤል (የአሜሪካ ፉትቦል ፕሮፌሽናል ሊግ) ውስጥ ያሉ ቡድኖች አዲስ ተጫዋች በተራ የሚመርጡበት ድራፍት ሰባት ዙሩ ሲያልቅ ስሙ አልተጠራም። አልቅሼ ሳልጨርስ ኤጀንቱ ደወለና ሁለት ቡድኖች እንደሚፈልጉት ነገረን። አንዱ 30 ሺህ ዶላር ቦነስ ይሰጣል፣ ሌላው 15 ሺህ። ኤጀንቱ 15 ሺህ የሚሰጠው ጋር አስፈረመው። ዘመድ ሁሉ ‹ኤንኤፍኤል ገባልሽ› እያለ እየደወለ ነው። ባለቤቴ ደግሞ የተገኘለትን የኢንጂነርነት ሥራ ይያዝ ባይ ነው። ልጄ ገብቷል ወይስ አልገባም? ኤጀንቱ ጎድቶናል? ደግሞ የልምምድ ካምፑ ፍልሰታ ላይ ይውላል፤ ልጄ ከትንሽነቱ ጀምሮ ይጾማል። ምን ይሻለኛል?»

እህቴ፣ በመጀመሪያ እንኳን ደስ አለዎት። ለወግ ያህል አይደለም የምለው። በ2025ቱ ድራፍት ስማቸው የተጠራው 257 ልጆች ናቸው። ኮሌጅ ጨርሰው ያንን ስልክ የሚጠብቁት ግን በየዓመቱ በሺዎች ይቆጠራሉ። ድራፍቱ እንዳለቀ ሁለት ቡድን የፈለገው ልጅ ከአብዛኞቹ ቀድሟል። ለቅሶው ይብቃዎት።

ሥራዬ ከእንደዚህ ዓይነት ልጆች ኮንትራት ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ የማውቀውን ሳላሳምርም ሳላጨልምም ልንገርዎት።

ልጅዎ ኤንኤፍኤል ገና አልገባም። ያገኘው ካምፕ ገብቶ የመሞከር ዕድል ነው። እያንዳንዱ ቡድን ሰመሩን የሚያሳልፈው 90 ተጫዋቾች ይዞ ነው። ኦገስት መጨረሻ ላይ 53 ብቻ ይቀራሉ። 37ቱ ይሰናበታሉ። ቡድኖቹ 32 ስለሆኑ በጠቅላላው 1,184 ሰው ማለት ነው። ቀድሞ ቅነሳው በየሳምንቱ ደረጃ በደረጃ ነበር። ከ2023 ጀምሮ ግን አንድ ቀን ተቆርጦለት በአንዴ ያልቃል። እስከዚያ ቀን ድረስ ማንም «ገባ» ብሎ ድግስ ባይደግስ ደስ ይለኛል።

የፈረመው ኮንትራት የ3 ዓመት ነው። ድራፍት ያልተደረገ ልጅ ሁሉ የሚፈርመው ይህንኑ ነው፤ ድራፍት የተደረገው ደግሞ የ4 ዓመት ይፈርማል። ወረቀቱ ላይ ያለው ደመወዝ ሲደመር ከ2 ሚሊዮን ተኩል ዶላር በላይ ይመጣል። ዘመድ የሰማው ይህንን ይሆናል። ግን ዋስትና የለውም። ቡድኑ ውስጥ ካልቀረ ላም አለኝ በሰማይ ነው። አሁን በእጁ ያለው ያ 15 ሺህ ዶላር ብቻ ነው፤ ከእሱም ላይ ታክስ ይነሣል። ካምፕ እስኪያልቅ ምግቡንና ማደሪያውን ቡድኑ ይችላል፤ አነስተኛ ሳምንታዊ አበልም አለ። ዋናው ደመወዝ የሚጀምረው ሴፕቴምበር ላይ ውድድሩ ሲከፈት ነው፤ ያውም ያኔ ቡድኑ ውስጥ ከተገኘ።

ወደ ኤጀንቱ እንምጣ። በእኔ አስተያየት አልጎዳችሁም። እንዲያውም ጥሩ ሥራ ሳይሠራ አይቀርም።

ድራፍት የተደረገ ልጅ የሚሄድበትን ቡድን አይመርጥም። ያልተደረገው ይመርጣል። ያለው ብቸኛ ጥቅም ይህ ነው፤ ትንሽ ጥቅም አይደለም። በሰባተኛው ዙር የማይሆን ቦታ ከመጠራት፣ ሳይጠሩ ቀርቶ የሚሆነውን ቦታ ራስ መምረጥ የተሻለበት ጊዜ ብዙ ነው። ቡድኖች አብዛኛውን ጊዜ አራት ወይም አምስት ሴፍቲ ነው የሚያስቀሩት። አንድ ቡድን ደመወዛቸው ዋስትና ያለው ሦስት ነባር ሴፍቲዎች ካሉት፣ በዚያው ዓመት ድራፍት ደግሞ ሁለት ከጨመረ፣ ልጅዎ ምን ቢሮጥ መግቢያ የለውም። ቦነሱ 30 ሺህ የሆነበት ቡድን እንዲህ ያለ ከነበረ፣ ኤጀንቱ ያየው ይህንን ነው።

ሒሳቡንም እንየው። በ2025 የውድድር ዘመን የአንድ አዲስ ገቢ ዝቅተኛ የዓመት ደመወዝ 840 ሺህ ዶላር ነበር። በ18 ሳምንት ተከፋፍሎ ነው የሚከፈለው። በሳምንት ከ46 ሺህ ዶላር በላይ ማለት ነው። በሁለቱ ቡድኖች መካከል ያለው የ15 ሺህ ዶላር ልዩነት የአንድ ሳምንት ቼክ ሲሶ እንኳ አይሞላም። ልጁ አንድ ሳምንት ተጨማሪ እንዲቆይ የሚያደርግ ቦታ ከዚያ ቦነስ ይበልጣል።

ይህን ስል ቦነስ ትርጉም የለውም ማለቴ አይደለም። ቡድን ገንዘብ ያፈሰሰበትን ልጅ ለማሰናበት ይከብደዋል። ድራፍት ሳይደረጉ ከመቶ ሺህ ዶላር በላይ ዋስትና የሚያገኙ ልጆች አሉ። እነሱን ቡድኑ ገና ከጅምሩ ለማስቀረት አስቧል ማለት ነው። ምርጫው በ15 ሺህና በ150 ሺህ መካከል ቢሆን ኖሮ መልሴ ሌላ ነበር። 15 እና 30 ግን ሁለቱም «ና እንይህ» የሚባልበት ገንዘብ ነው።

ኤጀንቱን ሁለት ነገር ይጠይቁት። አንደኛ፣ ዋስትና ያለው ገንዘብ የያዙ ሴፍቲዎች ቡድኑ ውስጥ ስንት ናቸው? ሁለተኛ፣ የስፔሻል ቲም አሰልጣኙ ልጄን ያውቀዋል? ለሁለተኛው የረባ መልስ ከሌለው ያኔ ነው እኔም የምከፋው። ምክንያቱን ልንገርዎት፤ የጉዳዩ ዋና ነገር እዚህ ላይ ነው።

ልጅዎ ከቡድኑ ኮከብ ሴፍቲ ጋር አይደለም የሚወዳደረው። የዚያ ሰው ቦታ ተይዟል። ልጅዎ የሚታገለው ከ53ቱ ወንበሮች ለመጨረሻዎቹ አምስት ስድስቱ ነው። እዚያ የሚቀመጥ ሰው ሥራው ምንድነው? ስፔሻል ቲም ነው። ኳሷ በእግር ስትመታ የሚሮጠው፣ የሚከላከለው፣ ለመላሹ መንገድ የሚከፍተው ሠራዊት ማለት ነው። ኪክኦፍ (ጨዋታ የሚከፈትበት ምት) አለ፣ ኪክኦፍ መመለስ አለ፣ ፐንት (ማጥቃቱ ሳይሳካ ሲቀር ኳሷን መትቶ ለተጋጣሚ መስጠት) አለ፣ ፐንት መመለስ አለ። ከ53ቱ ውስጥ በጨዋታው ቀን ማልያ የሚለብሱት ቢበዛ 48 ናቸው። አራተኛው ሴፍቲ ማልያ የሚለብሰው ሴፍቲ ስለሆነ አይደለም። በእነዚህ አራቱ ላይ ስለሚሰለፍ ነው። እንዲህ ያለ ልጅ አንድም ጊዜ በመከላከሉ ሳይሰለፍ በአንድ ጨዋታ 20 ጊዜ ያህል ሜዳ ሊገባ ይችላል።

ብሬንደን ስኩለርን ይዩት። ኮሌጅ ሳለ በሁለት ዩኒቨርሲቲ ተጫውቷል፤ ኦሪጎንና ቴክሳስ። ሪሲቨርም (ኳስ ተቀባይ) ሴፍቲም ሆኖ ሠርቷል። በ2022 ድራፍት ማንም አልጠራውም። ኒው ኢንግላንድ ፓትሪየትስ አስፈረመው፤ በዚያው ዓመት ከ53ቱ ውስጥ ገባ። የገባው በስፔሻል ቲም ነው። በ2024 በዚያው ሥራው የሊጉ ምርጥ ቡድን ውስጥ አንደኛ ሆኖ ተመረጠ። እንደ ልጅዎ ሴፍቲ ነው። እባክዎ ልጅዎ የዚህን ሰው የጨዋታ ፊልም ቁጭ ብሎ ይይ። የኮከብ ሴፍቲዎችን ፊልም ለኋላ ያቆየው።

ጊዜውም ይረዳዋል። በ2024 የኪክኦፍ ደንብ ተቀይሯል። አሁን ሁለቱ ቡድኖች ተቀራርበው ነው የሚቆሙት፤ ኳስ መመለስም ከበፊቱ በጣም በዝቷል። በ2025 ደግሞ ኳሷን ዝም ብሎ እስከ ተጋጣሚው የሜዳ ጫፍ መምታት ይበልጥ እንዲያስቀጣ ተደረገ። ከዚያ በፊት የነበሩትን ዓመታት ካስታወሱ፣ ኪክኦፍ ሰው ቡና የሚቀዳበት ሰዓት ሆኖ ነበር። አሁን ክፍት ሜዳ ላይ ሰው መጣል የሚችል ፈጣን ልጅ ይፈለጋል። ያ ደግሞ የሴፍቲ ሥራ ነው።

ችግሩ ኮሌጅ ኮከብ የነበረ ልጅ ብዙ ጊዜ ይህንን ሥራ ይንቀዋል። ለዓመታት ሳይሠራው ቆይቷል፤ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሥራ ይመስለዋል። ጎበዝ ጎበዝ ልጆች በዚህ ምክንያት ወደ ቤት ሲመለሱ አይቻለሁ፤ ያሳዝነኛል። የስፔሻል ቲም ስብሰባ ላይ ፊት ወንበር ይቀመጥ። አሰልጣኙ ሳይጠራው «እኔ ልግባ» ይበል። ፐንት ላይ ከዳር ተነሥቶ መላሹን ቀድሞ ለመያዝ የሚሮጠው ጋነር የሚባለው ቦታ አለ፤ እሱን ይለማመድ። ደፋርና ፈጣን ካልሆነ የማይሠራ ቦታ ነው። እዚያ የሚሆን ልጅ ያገኘ አሰልጣኝ በቅነሳው ስብሰባ ላይ ጠረጴዛ ይመታለታል።

ካምፑ ላይ ደግሞ ጊዜ አይሰጠውም። በልምምድ አብዛኛውን ተራ የሚወስዱት ነባሮቹ ናቸው፤ ለእሱ የሚደርሱት ጥቂት ናቸው። የቅድመ ውድድር ጨዋታዎቹ ሦስት ናቸው። እሱ የሚገባው ምናልባት በመጨረሻው ሩብ ላይ ነው። ስለዚህ የያንዳንዷ ተራ ዋጋ ከባድ ነው። አንድ ነገር ግን በደንብ ይያዝ፦ አሰልጣኞች በጉልበት ወይም በፍጥነት የተበለጠን ልጅ ይታገሣሉ፤ ቦታውን ረስቶ የተሳሳተን ግን አይታገሡም። የሴፍቲ ሁለቱንም ቦታ ማወቅ አለበት፤ ኒክል የሚባለውን የመሐል ቦታም ቢጨምር ይመረጣል። በሦስት ቦታ መሰለፍ የሚችል ልጅ ለቡድኑ የሌላ ሰው ወንበር ያተርፍለታል። ደግሞ የእነዚያን ጨዋታዎች ፊልም የሚያየው የራሱ ቡድን ብቻ አይደለም። ሌሎቹ 31ዱም ያዩታል።

ስለ ጉዳት አንዲት ነገር። እንደ እሱ ያሉ ልጆች የታፋ ጅማት ሲያማቸው ይደብቃሉ፤ ታወቀብን፣ ተባረርን ብለው ይፈራሉ። እንዳይደብቅ ይንገሩት። ቡድኑ ሥራ ላይ የተጎዳን ተጫዋች እንዲሁ አውጥቶ መጣል አይችልም። ወይ የተጎዱ ዝርዝር ላይ ያኖረዋል፣ ወይ ተስማምቶ የተወሰኑ ሳምንታት ይከፍለዋል። ሙሉ ደመወዝ ላይሆን ይችላል፤ ግን መብት ነው። ይህ የሚሆነው ጉዳቱ የቡድኑ ሐኪም መዝገብ ላይ ካለ ብቻ ነው። ለጓደኛ የተነገረ ሕመም አይቆጠርም።

ፍልሰታ። ይህን ስለጠየቁኝ አመሰግናለሁ። ጾሙ ነሐሴ 1 ይገባል፤ በፈረንጆቹ ኦገስት 7 ነው። እውነትዎን ነው፣ የካምፑ ከባድ ሁለት ሳምንት እዚያ ላይ ያርፋል። ይጹም አይጹም ማለት የእኔ ሥልጣን አይደለም፤ ከንስሐ አባቱ ጋር ይነጋገርበት። እኔ የማውቀውን ልጨምር። ሥጋና ወተት መተው ራሱን የቻለ ነገር ነው፤ የቡድኑ የምግብ ባለሙያ ቀድሞ ካወቀ በምስር፣ በሽምብራና በአኩሪ አተር ያስተካክልለታል። ውሃ ሳይጠጡ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በ2001 የሚኒሶታ ቫይኪንግሱ ኮሪ ስትሪንገር በካምፕ ልምምድ ላይ ሙቀት አድክሞት ሕይወቱ አልፏል። በዚህ ነገር የሚቀልድ ቡድን ዛሬ የለም።

እዚያው ቫይኪንግስ ውስጥ ግን ሌላም ታሪክ አለ። ሁሴን አብዱላህ የሚባል ሴፍቲ ነበር። እሱም በ2008 ድራፍት ያልተደረገ ልጅ ነው። ሙስሊም ነው፤ በ2010 ረመዳን ካምፕ ላይ ሲውል ጾሙን አልተወም። ነገር ግን በምስጢር አላደረገውም። ከቡድኑ የምግብ ባለሙያ ጋር ተቀምጦ መቼ እንደሚበላና ምን እንደሚጠጣ ዕቅድ አወጣ። ቦታውን አላጣም። እና ልጅዎ ከጁላይ መጨረሻ በፊት ለሐኪሙና ለምግብ ባለሙያው ይንገር። ሳያውቁ ክብደቱ ሲቀንስ ካዩ የሚያስቡት ጾምን አይደለም።

አሁን ስለ ቅነሳው ቀን። ቢቀነስ አለቀ ማለት አይደለም፤ ይህን ቤተሰቡ ሁሉ ከአሁኑ ይወቅ። የተቀነሰ አዲስ ተጫዋች ለ24 ሰዓት ዌይቨር ላይ ይውላል። በዚያ ጊዜ ሌላ የፈለገው ቡድን ኮንትራቱን እንዳለ ይወስደዋል፤ ቅድሚያው ባለፈው ዓመት ደካማ ለነበሩት ነው። ማንም ካልወሰደው ነፃ ነው። ያኔ ፕራክቲስ ስኳድ የሚባለው ይመጣል። እያንዳንዱ ቡድን 16 ሰው ይይዝበታል። ከዋናው ቡድን ጋር ይለማመዳሉ፤ በጨዋታ ቀን ግን አይሰለፉም። በ2025 ዝቅተኛው ክፍያ በሳምንት 13 ሺህ ዶላር ነበር። ቡድኑ በአንድ ውድድር ዘመን አንድን ልጅ እስከ ሦስት ጊዜ ለጨዋታ ሊያወጣው ይችላል። ሌላ ቡድንም መጥቶ ለ53ቱ ሊያስፈርመው ይችላል። ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብቱትም ይችላሉ፤ ማክሰኞ ማክሰኞ ሰው ይገባል፣ ሰው ይወጣል። የልጅዎን ዕድል እውነቱን ከጠየቁኝ፣ ከ53ቱ ይልቅ በዚህ በር የመግባቱ ዕድል ይሰፋል። ወደዚያ ከተላከ እንደ ውርደት አይቁጠሩበት።

ጄምስ ሃሪሰን በ2002 ድራፍት አልተደረገም። ፒትስበርግ ስቲለርስ ደጋግሞ አሰናበተው።  በባልቲሞር በኩል ወደ ጀርመን ተልኮ ራይን ፋየር ለሚባል ቡድን ተጫወተ፤ ከዚያ ባልቲሞርም አሰናበተው። በ2004 ስቲለርስ ውስጥ አንድ ላይንባከር (ተከላካይ) ሲጎዳ ተመልሶ ተጠራ። በ2008 የሊጉ ምርጥ ተከላካይ ተባለ። ማልኮም በትለር ደግሞ በ2014 ወደ ፓትሪየትስ የሄደው ኮንትራት እንኳ ሳይኖረው ለሙከራ ብቻ ነበር። ልጅዎ የያዘውን ያህል አልያዘም። ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2015 በሱፐር ቦውል የሲያትልን ኳስ ጎሉ አፍ ላይ ነጥቆ ዋንጫውን ያስቀረው እሱ ነው። እነዚህ ልዩ ሰዎች ናቸው፤ ስማቸው ካልተሰማ በጣም ብዙ ልጆች ጋር አብረው ነው የጀመሩት። ልጅዎ ከሃሪሰን እንዲወስድ የምፈልገው ዋንጫውን አይደለም። ሲባረር ስልኩን ክፍት አድርጎ፣ ሰውነቱን ሳይጥል መጠበቁን ነው።

ባለቤትዎ ያነሱት ነገር ትክክለኛ ሥጋት ነው፤ አባት ናቸው። ግን ዛሬ «ካምፑን ተወው» ማለት አይመስለኝም። ኩባንያው ሥራውን እስከ ጃንዋሪ እንዲያቆይለት ልጁ ራሱ በጽሑፍ ይጠይቅ። እንዲህ ያለውን ምክንያት ሰምተው የሚያቆዩ አሠሪዎች አሉ። ካላቆዩም ዲግሪው የትም አይሄድም፤ የእግሩ ፍጥነት ግን ጊዜ አለው። ገደብ ግን ይበጅለት። በእኔ አስተያየት ሁለት ካምፕ ይበቃዋል። ሁለቱንም ሞክሮ ፕራክቲስ ስኳድ እንኳ ካልደረሰ፣ የካናዳ ሊግ አለ፣ በስፕሪንግ የሚካሄደው ዩኤፍኤል የሚባል ሊግም አለ። ዋረን ሙን በ1978 ማንም ድራፍት ሳያደርገው ካናዳ ኤድመንተን ሄዶ ለዓመታት ተጫውቷል፤ በ1984 የኤንኤፍኤሉ ሂውስተን ገብቶ በ2006 የዝነኞች አዳራሽ ውስጥ ሰፍሯል። እዚያ ያለው ክፍያ ግን በጣም ያንሳል። ለገንዘብ ብሎ የሚሄድበት ቦታ አይደለም፤ መጫወቱን ካልጠገበ ብቻ ይሂድ።

የቀረው የእርስዎ ድርሻ ነው። ዘመድን ይያዙለት። ካምፕ ላይ ያለ ልጅ ከጠዋት እስከ ማታ ስብሰባና ልምምድ ላይ ነው፤ ማታ ደግሞ የሚያጠናው መዓት ነው። አጎትም አክስትም ትኬት ሲሉት፣ ከአዲስ አበባ «ሚሊየነሩ» እያሉ ሲደውሉለት እምቢ ማለት አይችልም፤ አሳድገውታልና ያፍራል። እምቢታውን እርስዎ ይናገሩለት። «ገና ሙከራ ላይ ነው፣ ደመወዝ የለውም» ይበሏቸው፤ እውነት ነው። 15 ሺሁ ለኪራይና ለታክስ ይቀመጥ። ኤጀንቱም ከደመወዙ ከ3 በመቶ በላይ መውሰድ እንደማይችል ይወቁ። ቅነሳው ባለቀ በነገታው ስልኩ ላይ ከኤጀንቱና ከእርስዎ በቀር ማንም ባይደውል ይመረጣል።

ኤጀንቱ ለሁለቱ ጥያቄዎች የሚሰጥዎትን መልስ ይጻፉልኝ። የሴፍቲዎቹን ስምና ኮንትራት ካገኘሁ፣ ካምፑ ከመከፈቱ በፊት ልጅዎ ስንት ሰው ማለፍ እንዳለበት ለይቼ እነግርዎታለሁ።